ሞክሼ ከተሞችና የስልክ ካርታ፦ ቦታ ስንፈልግ ካርታው ምን ያደርጋል?

ከዓመታት በፊት ሰንጋ በጉዞ ላይ ምን ያህል ክብደት እንደሚቀንስ ለማጥናት ከአንድ ነጋዴ ጋር እሠራ ነበር። ጎንደር ላይ 20 ሰንጋ መዝነን ጫንንና መኪናው ወደ መተማ ተነሣ። ሰንጋው የሚራገፈው መተማ ዮሐንስ፣ ድንበሩ አፍ ላይ ነው። ሹፌሩ ለመስመሩ አዲስ ስለነበር ስልኩን ተቀብዬ በካርታው መፈለጊያ ላይ «መተማ» ብዬ ጻፍኩለት። ቀይ ምልክት ብቅ አለች። «ይኸው፣ እሷን ተከተል» አልኩት።

ምልክቷ ያረፈችው ከተማዋ ላይ አልነበረም። መተማ በሚባለው ወረዳ መሐል፣ ሰው በሌለበት ቁጥቋጦ ላይ ነበር። ሹፌሩ ገንዳ ውሃን ካለፈ በኋላ ካርታው ባለው ቦታ ከአስፋልቱ ወጣ። የእርሻ መንገድ ይዞ ሲሄድ መሸበት፤ ኔትወርክም ጠፋ። ሰንጋዎቹ ያለ ውሃ መኪናው ላይ ቆመው አደሩ። በማግስቱ ሚዛን ላይ ሲወጡ ያየነው ቅናሽ የመንገዱ አልነበረም፤ የእኔ ነበር። ጥናቱን እንደገና ጀመርን፤ የነጋዴው ኪሎ ግን አልተመለሰም።

ዛሬ ሹፌር፣ ደላላ፣ ገዢና አስተላላፊ ሁሉ በስልክ ካርታ ይነጋገራል። ስለዚህ ካርታው ቦታ ሲፈልግ በውስጥ ምን እንደሚያደርግ ማወቅ እንደ ሚዛን ንባብ የሥራችን አካል ሆኗል። በዚህ ትምህርት አሠራሩን ደረጃ በደረጃ እናያለን፤ በመጨረሻም ነገ ጠዋት የምትሞክሩት መልመጃ አለ።

1. ካርታው እንደ መዝገብ ቤት ጸሐፊ ነው

ብዙዎቻችን ካርታው ቦታውን የሚያውቀው ይመስለናል። የሚያውቀው ግን መዝገብ ነው። በስክሪኑ ላይ ከምናየው ሥዕል ጀርባ እጅግ ረጅም የስም ዝርዝር አለ። እያንዳንዱ መስመር የቦታውን ስም፣ ዓይነቱን (ከተማ፣ ወረዳ፣ ወንዝ፣ ሆቴል)፣ አገሩን፣ እንዲሁም በምድር ላይ የሚገኝበትን ሁለት ቁጥር ይይዛል። የመፈለጊያው ሳጥን መዝገብ ቤት እንደተቀመጠ ጸሐፊ ነው። ስም ትነግሩታላችሁ፣ ፋይል ያወጣላችኋል። ቦታው ድረስ ሄዶ አያውቅም።

ስም ጽፋችሁ ስትልኩ አራት ነገሮች በቅጽበት ይከናወናሉ።

አንደኛ፣ ጽሑፉን ያጸዳል። ትርፍ ክፍተትና ነጥብ ያስወግዳል፤ ረጅሙን አገላለጽ በቃል በቃል ይከፋፍለዋል። «ያቤሎ ከብት ገበያ» ለእሱ ሦስት ቃል ነው።

ሁለተኛ፣ ቃላቱን ከመዝገቡ ጋር ያስተያያል። በትክክል የሚገጥም ካገኘ ያወጣል። ካጣ ደግሞ በአንድ ወይም በሁለት ፊደል ብቻ የሚለየውን ይፈልጋል። ስማችሁን ጽፋችሁ ሳትጨርሱ ከታች የሚደረደረው ዝርዝርም የሚመጣው ከመጀመሪያዎቹ ፊደላት ተነሥቶ በመገመት ነው።

ሦስተኛ፣ ያገኛቸውን በደረጃ ያሰልፋል። እዚህ ላይ ልብ በሉ። ከሃያ ሞክሼ ቦታዎች አንዱን አንደኛ የሚያደርገው ሦስት ነገር እያመዛዘነ ነው፦ አጻጻፉ ምን ያህል ይቀርባል? ቦታው ምን ያህል የታወቀ ነው? ለእናንተ ወይም በዚያ ሰዓት ስክሪናችሁ ላይ ለተከፈተው የካርታ ክፍል ምን ያህል ይቀርባል?

አራተኛ፣ አንደኛ የወጣውን ወስዶ ምልክት ይተክልበታል።

ከዚህ የሚከተለውን ልብ እንበል፦ ቀይዋ ምልክት ውሳኔ ሳትሆን ግምት ናት። ጸሐፊው ከፋይሎቹ መካከል የመሰለውን አቀረበ እንጂ «ሰንጋው ያለው እዚህ ነው» አላለም። ደግሞም አዲስ አበባ ያለው ገዢና ያቤሎ ያለው ሹፌር አንድ ዓይነት ስም ጽፈው ሁለት የተለያየ ቦታ ሊያወጣላቸው ይችላል፤ የቆሙበት ቦታ ይለያያልና።

መዝገቡም አንድ አይደለም። ጎግል ማፕስ የራሱ አለው። እ.ኤ.አ. በ2004 የተጀመረውና በበጎ ፈቃደኞች የሚሞላው ኦፕንስትሪትማፕ ደግሞ ሌላ አለው። አንዱ ውስጥ የሌለ የገጠር ገበያ ሌላው ውስጥ ሊገኝ ይችላል።

2. አንድ ስም፣ ብዙ አጻጻፍ

በእኛ ቀጣና አንድ ገበያ በአማርኛ፣ በኦሮምኛ፣ በሶማሊኛ፣ በአረብኛና በእንግሊዝኛ ይጻፋል። ጸሐፊው ደግሞ የሚያየው ፊደል ነው፤ ድምፅ አይሰማም።

ከራሳችን እንጀምር። «ሐረር»፣ «ሀረር»፣ «ሃረር» ብለን ብንጽፍ ለእኛ አንድ ነው። ለኮምፒዩተር ግን ሦስቱ የመጀመሪያ ፊደላት ሦስት የተለያዩ ምልክቶች ናቸው። ሞክሼ ፊደላትን እንደ አንድ እንዲቆጥር ካልተነገረው አንዱን አግኝቶ ሌሎቹን «የለም» ሊላችሁ ይችላል። «ሰ» እና «ሠ»፣ «አ» እና «ዐ»፣ «ጸ» እና «ፀ» ላይም እንዲሁ ነው። በአማርኛ ፈልጋችሁ ካጣችሁ ቦታው የለም ከማለታችሁ በፊት ፊደሉን ለውጡ።

ሶማሊኛ እ.ኤ.አ. ከ1972 ጀምሮ የሚጻፈው በላቲን ፊደል ነው። በዚህ አጻጻፍ «ሲ» የተባለችው ፊደል የጉሮሮውን «ዐ»፣ «ኤክስ» ደግሞ የጉሮሮውን «ሐ» ትወክላለች። የውሃ ጉድጓድ የሚለው ቃል በሶማሊኛ ሲጻፍ በ«ሲ» ይጀምራል። የድሮ ካርታዎችና የእንግሊዝኛ ጽሑፎች ግን «ሲ»ዋን ጥለው «ኤል» ብቻ ይሉታል። ኤል ዋክን በእንግሊዝኛው አጻጻፍ ፈልጎ የኬንያውን ያገኘ ሰው፣ በሶማሊኛው አጻጻፍ ሲፈልግ ድንበሩን ተሻግሮ የሶማሊያው ኤል ዋክ ሊወጣለት ይችላል።

በኦሮምኛ ቁቤ ደግሞ «ቀ» የምትጻፈው በ«ኪዩ» ሲሆን በብዙ የእንግሊዝኛ ካርታ ላይ «ኬ» ሆና ትገኛለች። በቦረና የሚታወቀው የዱብሉቅ ገበያ በሁለቱም መልክ ተጽፎ ይገኛል። ቃል ማጣበቅና ማለያየትም ችግር ነው፤ ኤል ወያን አንዱ በአንድ ቃል፣ ሌላው በሁለት ቃል ይጽፈዋል። ጸሐፊያችን ጽሑፉን በቃል በቃል ስለሚከፋፍል «ኤል» ብቻዋን ስትቀር በቀጣናው ያለ ጉድጓድ ሁሉ ይሰለፍላችኋል።

መፍትሔው ቀላል ነው። በተለያዩ አጻጻፎች ሦስት ጊዜ ፈልጉ። ሦስቱም አንድ ቦታ ላይ ካረፉ ጥሩ ነው። ካልተስማሙ ግን መኪናው ከመነሣቱ በፊት መልሱ ያለው ሰውዬው ዘንድ ነው፤ ደውሉ።

3. መንታዎችና ሞክሼዎች

በድንበር ንግድ ላይ ሁለት ዓይነት የስም ወጥመድ አለ።

የመጀመሪያው መንታ ከተማ ነው። ሞያሌ በኢትዮጵያም በኬንያም አለች፤ በመካከላቸው ያለው ድንበሩ ብቻ ነው። ኤል ዋክም እንዲሁ ኬንያና ሶማሊያ ውስጥ ነው። ዳዋና ገናሌ በሚገናኙበት አካባቢ በኢትዮጵያ በኩል ዶሎ አዶ፣ ማዶ ሶማሊያ ውስጥ ደግሞ ሌላ ዶሎ አለች። በሥዕሉ ላይ በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት ጣት አይሞላም። በሰነድ ግን የአንድ አገር ልዩነት ነው፤ የጤና ምስክር ወረቀቱ፣ ቀረጡ፣ የሹፌሩ ፈቃድ ሁሉ ይለያያል።

ሁለተኛው ሞክሼ ነው፦ ስሙ አንድ ሆኖ ቦታው እጅግ የሚራራቅ። ከሶማሌላንድ ጋር የምትዋሰነውን ቶጎ ውጫሌን ብዙዎቻችን በአጭሩ «ውጫሌ» እንላታለን። ይህን ብቻ ጽፎ የሚፈልግ ግን በ1881 ዓ.ም. የውጫሌ ውል ወደተፈረመባት ወሎ ሊወሰድ ይችላል፤ ስመ ጥርዋ እሷ ናትና። ሁለቱ በቀጥታ መስመር እንኳ ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ ይራራቃሉ። ዶሎም እንደዚያው ነው። ዶሎ አዶ ያለችው በሊበን ዞን ነው። ዶሎ ዞን የሚባለው፣ ዋና ከተማው ዋርዴር የሆነው፣ ደግሞ በሌላ አቅጣጫ ብዙ መቶ ኪሎ ሜትር ርቆ ይገኛል።

ለሁለቱም ወጥመድ የሚሆን አንድ ልማድ አለ፦ ስምን ብቻውን አትጻፉ፤ በላዩ ያለውን ጨምሩበት። «ሞያሌ» ሳይሆን «ሞያሌ ኬንያ»። «ዶሎ» ሳይሆን «ዶሎ አዶ፣ ሊበን»። ጸሐፊው ፋይሉን የሚለየው በዚህ ነው። ሌላው ብልሃት ከመጻፋችሁ በፊት ካርታውን በጣታችሁ ወደ አካባቢው መውሰድ ነው። ለተከፈተው ክፍል የቀረበውን ያስቀድማል ብለናል፤ ጅጅጋን ከፍቶ «ውጫሌ» የሚል ሰው ወሎ የመሄድ ዕድሉ ይቀንሳል።

4. ምልክቷ ምን ላይ አረፈች?

እኔን የጣለኝ ይህ ነው። ከተማ ነጥብ ሊሆን ይችላል፤ ወረዳ ግን ነጥብ አይደለም። ስፋት ያለው ነገር ሲፈለግ ካርታው ምልክቱን መትከል ስላለበት ብዙ ጊዜ መሐሉ ላይ ይተክለዋል። በአርብቶ አደር አካባቢ ወረዳ ሰፊ ነው፤ መሐሉ ላይ መንገድም፣ ውሃም፣ ሰውም ላይኖር ይችላል።

ስለዚህ ምልክቷ ስትወጣ ሦስት ነገር ተመልከቱ። ከስሙ ሥር የተጻፈው ዓይነት ምንድን ነው፤ ከተማ ነው ወይስ ወረዳ? አካባቢው በቀለም ወይም በመስመር ተከቧል ወይ? ከተከበበ ያገኛችሁት ክልል እንጂ ቦታ አይደለም። ሦስተኛ፣ ወደ ሳተላይት ምስሉ ቀይሩና አቅርቡት። የከብት ገበያ ከላይ ሲታይ ሣር የሌለው፣ የተረገጠ ሰፊ ሜዳ ነው፤ አጥርና የመኪና መቆሚያም ብዙ ጊዜ ይለያል። ቁጥቋጦ ብቻ ካያችሁ ተጠራጠሩ።

ካርታው የማያውቀውንም አትጠይቁት። የባቲ ገበያ ሰኞ መሆኑን የሚነግራችሁ ባቲ ያለ ሰው ነው። ቦታውን በትክክል አግኝቶ በማክሰኞ የደረሰ ነጋዴም ያው ባዶ ሜዳ ነው የሚጠብቀው።

5. ሁለቱ ቁጥሮች

ስም ይምታታል፤ ቁጥር ግን ሞክሼ የለውም። እያንዳንዱ ቦታ ኬክሮስና ኬንትሮስ አለው። ኬክሮስ ከምድር ወገብ ወደ ሰሜን ወይም ወደ ደቡብ ያለውን ርቀት ይነግራል፤ ኬንትሮስ ደግሞ ወደ ምሥራቅ ወይም ወደ ምዕራብ። ሞያሌ በግምት 3.52, 39.05 ላይ ናት። ይህን መፈለጊያው ውስጥ ስትጽፉ ጸሐፊው መዝገብ አያገላብጥም፤ በቀጥታ ነጥቡ ላይ ይወስዳችኋል። ጣታችሁን ካርታው ላይ ለጥቂት ጊዜ ተጭናችሁ ብትይዙ ደግሞ የዚያን ቦታ ቁጥር ታገኛላችሁ።

ቁጥርም የራሱ ስህተቶች አሉት። አራቱን እወቋቸው።

ማገላበጥ፦ በስልክ ካርታዎች ኬክሮስ ይቀድማል። የሞያሌን ቁጥር ገልብጣችሁ 39 ን ብታስቀድሙ ከስፔን ደሴቶች አጠገብ ሜዲትራኒያን ባሕር ውስጥ ትገባላችሁ። ለኢትዮጵያ፣ ለኬንያ፣ ለሶማሊያና ለጅቡቲ የሚሠራ ቀላል ደንብ አለ፦ ትንሹ ቁጥር ይቅደም።

የመቀነስ ምልክት መርሳት፦ ከምድር ወገብ በታች ያለ ቦታ ኬክሮሱ በመቀነስ ይጻፋል። ጋሪሳ በግምት -0.45, 39.64 ናት። ምልክቷ ከተረሳች ከጋሪሳ ወደ ሰሜን 100 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃችሁ ትገኛላችሁ።

ደቂቃን እንደ ነጥብ መቁጠር፦ አንዳንድ ሰነድ ላይ «9 ዲግሪ ከ35 ደቂቃ» ተብሎ ይጻፋል። ይህ 9.35 አይደለም። አንድ ዲግሪ 60 ደቂቃ ስለሆነ 35 ለ60 ይካፈላል፤ መልሱ 9.583 ነው። አንዱ ዲግሪ ኬክሮስ 111 ኪሎ ሜትር ያህል በመሆኑ በዚህ ስህተት ብቻ 26 ኪሎ ሜትር ትስታላችሁ።

ቁጥር መቁረጥ፦ ከነጥብ በኋላ ሁለት አኃዝ ብቻ ከጻፋችሁ አንዷ አኃዝ 1.1 ኪሎ ሜትር ያህል ትወክላለች። ሦስት ከሆነ 110 ሜትር፣ አራት ከሆነ 11 ሜትር። ለገበያ በር አራት ይበቃል።

በግዕዝ ፊደል ሰሌዳ የምትጽፉም ተጠንቀቁ። በሁለቱ ቁጥሮች መካከል የአማርኛውን ነጠላ ሰረዝ ካስገባችሁ ካርታው ላያነበው ይችላል፤ የላቲኑን ኮማ ተጠቀሙ።

6. «ሎኬሽን ላክልኝ»

አሁን በየቀኑ የምንለው ቃል ነው። ነገር ግን ደላላው ሎኬሽን ሲልክ የሚልከው ብዙ ጊዜ እሱ የተቀመጠበትን ነው፤ ፍየሎቹ ያሉበትን አይደለም። እሱ ከተማ ሻይ ቤት ተቀምጦ፣ መንጋው 15 ኪሎ ሜትር ወጣ ብሎ ጉድጓድ ላይ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ «ሎኬሽን ላክልኝ» ከማለት «ከብቶቹ ዘንድ ስትደርስ፣ እዚያው ቆመህ ላክልኝ» በሉ።

ሁለት ዓይነት መላኪያ እንዳለም አስታውሱ። አንዱ የቆመ ነጥብ ነው፤ ሳይጠፋ ይቆያል። ሌላው ሰውዬው በተንቀሳቀሰ ቁጥር አብሮት የሚሄድ ነው፤ ዋትስአፕ ላይ ከ15 ደቂቃ፣ ከ1 ሰዓት ወይም ከ8 ሰዓት በኋላ ይቋረጣል። ለመጫኛ ቦታ የቆመውን፣ መንገድ ላይ ያለ መኪና ለመከታተል ተንቀሳቃሹን ምረጡ።

7. ኔትወርክ በሌለበት

ስልኩ ራሱ የት እንዳለ የሚያውቀው በጂፒኤስ፣ ከሳተላይት በሚመጣ ምልክት ነው፤ ለዚህ ኔትወርክ አያስፈልገውም። የስሙ መዝገብ ግን ያለው ኢንተርኔት ላይ ነው። ኔትወርክ ሲጠፋ ሰማያዊዋ ነጥብ እየተንቀሳቀሰች ፍለጋው እምቢ የሚለው ለዚህ ነው። ጎንደር፣ ጅጅጋ ወይም ያቤሎ ሳላችሁ የምትሄዱበትን አካባቢ ካርታ አውርዱ። የመድረሻውን ቁጥር ደግሞ ስልኩ ላይ አስቀምጡ፤ በወረቀትም ጻፉና ለሹፌሩ ስጡት። ስልክ ባትሪ ይጨርሳል፤ ወረቀት አይጨርስም።

8. ይህን ያህል የሚያስጨንቀው ለምንድን ነው?

አንደኛው ምክንያት ኪሎ ነው። ለምሳሌ ያህል፣ 20 ሰንጋ በጠፋ መንገድ ምክንያት እያንዳንዱ 10 ኪሎ ቢቀንስ 200 ኪሎ ነው። በገበያችሁ ዋጋ አባዙት፤ የመኪናውን የአንድ ቀን ኪራይ፣ መኖውንና የሹፌሩን አበል ደምሩበት። ትርፋችሁ ከዚያ በላይ ነበር ወይ?

ሁለተኛው ምክንያት የበለጠ ይከብዳል። እ.ኤ.አ. በ2000 በሳዑዲ ዓረቢያና በየመን የስምጥ ሸለቆ ትኩሳት ሲከሰት ሳዑዲ ከአፍሪካ ቀንድ የሚሄዱ የቁም እንስሳትን አገደች፤ እገዳው የተነሣው በ2009 ነው። በእነዚያ ዓመታት በሽታው ያልታየበት አካባቢ መንጋም ከሌላው ጋር አብሮ ታግዷል። ገዢ አገር እንስሳው ከየት እንደመጣ መለየት ካልቻለ ሁሉንም መከልከል ይቀለዋል።

ነገ በአንድ ሞክሼ ወረዳ በሽታ ተነሣ ቢባል ደብተራችሁ ላይ «ዶሎ» ብቻ የተጻፈበት ነጋዴ ከየትኛው ዶሎ እንደገዛ በምን ያስረዳል? ቁጥሩን የጻፈ ግን ጣቱን አሳርፎ «እኔ የገዛሁት እዚህ ነው» ይላል። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ግዢ በራሳችሁ ደብተር ላይ ቀኑን፣ የገበያውን ስም፣ ሁለቱን ቁጥሮችና የእንስሳቱን ብዛት መዝግቡ። ይህ የጤና ምስክር ወረቀትን አይተካም፤ ምስክር ወረቀቱ ሲጠየቅ ግን ከጎኑ የሚቆም ማስረጃ ነው።

መልመጃ

ሀ. ሁልጊዜ የምትገዙበትን ገበያ በሦስት የተለያየ አጻጻፍ ፈልጉ። ምልክቷ በሦስቱም አንድ ቦታ ላይ አረፈች?

ለ. በሚቀጥለው የገበያ ቀን በሩ ላይ ቆማችሁ የቦታውን ቁጥር ያዙና ደብተር ላይ ጻፉ። ማታ ቤት ስትገቡ ከደብተሩ አይታችሁ መፈለጊያው ውስጥ ጻፉት። ወደዚያው በር ከመለሳችሁ ትክክል መዝግባችኋል።

ሐ. ቁጥሩን ለምታምኑት አንድ ሹፌር ያለ ስም ላኩለትና «ይህ የት ነው?» በሉት። በትክክል ከነገራችሁ ጭነት ልትሰጡት ትችላላችሁ።

እኔም ከዚያች የመተማ ሌሊት ወዲህ ለሹፌር ስም ብቻ ሰጥቼ አላውቅም። «መተማ ዮሐንስ» ብዬ ቁጥሩን እጨምራለሁ፤ ከዚያም ስልኩን ተቀብዬ ምልክቷ የት እንዳረፈች አያለሁ። ሁለት ደቂቃ ይወስዳል፤ ሰንጋው ግን ሌሊቱን ቆሞ አያድርም።